ዝም ብሎ ዛፍ

ጥፋቱ የግድግዳው ነው። እኔ ምንም አላደረግሁም።

የምኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከመኪና ግርግር እጥፍ ሲሉ በሚገኝ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ከአልጋዬ ራስጌ በላይ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የምትሰፋ የእርጥበት ምልክት አለች። የገባሁ ዓመት ሳንቲም ታክል ነበር። በሦስተኛው ክረምት ሰፌድ አከለች። ዘንድሮ ቁርጥ የአፍሪካን ካርታ ሆናለች፤ ማዳጋስካር እንኳን አልቀረችም፣ ከጎኗ ጠብ ብላለች።

አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «ሥዕል ስቀልባት» አለኝ። ቅዳሜ ፈረስ መጋላ ወጣሁና ፖስተር ከሚያዞር ልጅ ፊት ቆምኩ። እነዚያን ፖስተሮች ታውቋቸዋላችሁ። ከሞያሌ እስከ ሁመራ በየምግብ ቤቱና በየሳሎኑ የተለጠፉት ናቸው፦ ሰማያዊ ሐይቅ፣ ከጀርባው በረዶ የደፋ ተራራ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ከእንጨት የተሠራች ጎጆ፣ ከጎጆዋ የሚወጣ ጭስ። ሰው የለም። እሳቱን አንድዶ የት እንደሄደ እስካሁን አልታወቀም። ጫካ የበዛበትን መረጥኩና ዋጋ ጠየቅሁ። ልጁ የጠራው ዋጋ ጎጆዋን ከነሐይቋ የሚገዛ መሰለኝ።

«ለዚህ ለወረቀት? ራሴ እሥለዋለሁ!»

«አቦ፣ ሣለዋ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

በሰው ፊት የተነገረ ነገር ነው፤ አይታጠፍም። ወደ ቤት ስመለስ አንድ ጥራዝ ነጭ ወረቀት፣ ሦስት እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ ይዤ ነበር። ሒሳቡን ስደምረው ከፖስተሩ በለጠ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ መደመር የነበረብኝ ከመግዛቴ በፊት ነበር።

ከዚያ በፊት በሕይወቴ የሣልኩት ሥዕል አንድ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሽንኩርት ሕዋስ። መምህሩ ከሥሩ «ይህ የጡብ ግንብ ነው?» ብለው ጽፈውበት መልሰውልኛል። ስለዚህ አስተማሪ ያስፈልገኝ ነበር፤ አስተማሪዬ ስልኬ ሆነ። መጀመሪያ ያገኘሁት ቪዲዮ ላይ ሁለት እጆች ብቻ አሉ፤ ፊት የለም፣ ድምፅ የለም። ጫካን በጥቂት ቀላል እርምጃዎች እናስተምር ይላሉ። አንደኛ፣ አንድ መስመር። ሁለተኛ፣ ሌላ መስመር። ሦስተኛ፣ ትንሽ ጭረት። በአራተኛው እርምጃ ጫካው ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ፣ ወፍ ሰፍሮበት፣ በቅጠሉ መኻል ፀሐይ ይወርድበታል። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል የተፈጸመውን ነገር ደጋግሜ ባየውም ልደርስበት አልቻልኩም። በመንግሥት ሥራም እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ብቻ እዚያ ኦዲተር ይጠራል።

ቀጥሎ ጎፈሬው የተንዠረገገ አንድ አሜሪካዊ አገኘሁ። ቦብ ሮስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1994 በቴሌቪዥን 403 ክፍል ሥዕል ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ በየክፍሉ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አንድ ተራራ ከነጫካው ሠርቶ ይነሣል። ድምፁ እንቅልፍ ያመጣል። እንዲህ ሲያባብል ላየው ሃያ ዓመት የአየር ኃይል ወታደር ነበር ቢሉት አያምንም፤ ነበር ግን። ብዙ ያገለገለው አላስካ ስለሆነ ዛፉ ሁሉ የበረዶ አገር ጥድ ነው። እኔ ደግሞ ሐረር ነኝ። እዚህ በረዶ ሲባል የሚታወቀው ከሰማይ ወርዶ ጫት የሚመታው ነው። ቢሆንም ተከተልኩት። ብሩሹን አንሥቶ «እዚህ ጋ ደግሞ አንዲት ደስተኛ ዛፍ እናኑር» ሊል ሲል መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩም ተከትሎ ሄደ። ዛፌ በወገቧ ቀረች።

በሳምንቱ መጨረሻ ሃያ ሦስት ዛፍ የቆመበት ወረቀት ነበረኝ። ለአከራዬ አሳየኋቸው። አከራዬ የጀጎል ተወላጅ፣ ስፌት የሚሰፉ ትልቅ ሴትዮ ናቸው። እኔ የጎንደር ሰው ስለሆንኩ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል፤ ይሄ ያለ ነው። የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጃቸውም አንተ ይለኛል፤ ይሄ ደግሞ ሐረር ነው። እዚህ ከመጣሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኝ እንኳን ልጁ «አንተ፣ ና እስቲ!» ሲለኝ ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል።

ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙት።

«ምንድን ነው?»

«ጫካ።»

«ዛፎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው?»

«እንዴት?»

«አባቱን የመሰለ የለማ።»

እውነታቸውን ነው። ሃያ ሦስቱም እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ፣ ተማርከው የቆሙ ሹካዎች ናቸው። ሴትዮዋ ወረቀቱን መለሱልኝና ወደ ስፌታቸው ዞሩ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳይ ዋልኩ። ስንደዶውን በጣታቸው ሰብሰብ አድርገው፣ በወስፌ ወጋ፣ ቀይ የተነከረውን አክርማ ሳብ፤ ወጋ፣ ሳብ። ፊታቸው ምንም ንድፍ የለም። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ምን ይላሉ?» ብላቸው «እቆጥራለሁ» አሉኝ። አሁን በሦስተኛው ዙር አንዲት ብትዘል ሃያኛው ዙር ላይ ሐረጉ ይጣመማል፤ ያኔ መፍታት ነው። ሳሎናቸው ነደባው፣ መደቡ ማለት ነው፣ ቀይ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው፤ እዚያ ሁሉ ላይ አንድም የተጣመመ ሐረግ አላየሁም።

መቁጠር ከሆነ የእኔ ሙያ ነው! ያን ቀን ማታ ነው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ያገኘሁት። ከ500 ዓመት በፊት በማስታወሻው ላይ ስለ ዛፍ አንድ ነገር ጽፏል፦ የዛፍ ቅርንጫፎች በየትኛውም ከፍታ ላይ አንድ ላይ ቢጠቃለሉ ውፍረታቸው የግንዱን ያህል ይሆናል ይላል። ከአልጋዬ ተነሣሁ። ይሄ እኮ የሒሳብ ሚዛን ነው! ግንዱ በግራ፣ ቅርንጫፎቹ በቀኝ፤ ድምሩ እኩል። ደግሞ ነገሩ ዝምድና አለው። የሁለትዮሽ መዝገብ አያያዝን እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ በታተመ መጽሐፉ ያስተማረን ሉካ ፓቾሊ የሊዮናርዶ ወዳጅ ነበር፤ ፓቾሊ በኋላ ላሳተመው ሌላ መጽሐፍ የጂኦሜትሪ ቅርጾቹን የሣለለት ሊዮናርዶ ነው። የሒሳብ ሠራተኛና ሠዓሊ አንድ ገበታ ቀርበው ያውቃሉ ማለት ነው። ማስመሪያና የሒሳብ ማሽን ይዤ ተቀመጥኩ። ግንድ አራት ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሁለት ቅርንጫፍ ሲወጣ እያንዳንዱ ስንት ይሁን? እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አባዛሁ፣ አካፈልኩ። ኦዲተር ቢመጣ አንዲት ቀንበጥ አያጎድልብኝም። ብቻ ዛፍ አይመስሉም። የውሃ ቧንቧ ዝርጋታ ይመስላሉ።

በሚቀጥለው ቀን «እያየህ ሣል» የሚል ምክር አገኘሁ። ጥሩ ምክር ነው፤ ምኑን እንደማይ ግን የነገረኝ የለም። ጀጎል በ48 ሄክታር ላይ ቤት ከቤት ትከሻ ለትከሻ የተደገፈበት ከተማ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊድ ቆጥሯል፤ ዛፍ ግን አልቆጠረም። በግቢያችን ያለው አንድ የሎሚ ዛፍ ነው፤ እሱም ልብስ ይሰጣበታል።

መላው የመጣልኝ እሑድ ጠዋት ነው። ጫት! ከጫት ሌላ ሐረር ላይ በየቀኑ በእቅፍ የሚገባ ጫካ የት አለ? አንድ ዙርባ የአወዳይ ገዛሁ። ጎድጓዳ ሳህን ላይ እርጥብ አፈር ሞላሁና ቀንበጦቹን አንድ በአንድ ተከልኳቸው፤ ወፋፍራሞቹን ከፊት፣ ቀጫጭኖቹን ከኋላ፣ ጥቂቶቹን ነፋስ እንደመታቸው ዘመም አድርጌ። መስኮቱን ዘግቼ በአንድ ጎን የእጅ ባትሪ አበራሁ። ወንድሞቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ቀላ ያሉት ግንዶች በጎናቸው ብርሃን ይዘው፣ ቅጠሉ እንደ ቅቤ እየወዛ፣ ጥላቸው ግድግዳው ላይ የቤት ያህል ሆኖ ቆመ። አፍሪካ ራሷ ደን ለበሰች። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቀና ሳልል ሣልኩ። የወረቀቱን ግማሽ ጨርሼ ላጲሴ ስላለቀች ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ በጫካው ዙሪያ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ያ ሥዕል ስቀል ያለኝ ባልደረባዬ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ እንዴት እንደሆንኩ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ አከራዬ በር ከፍተውለታል። ጉንጩ ተወጥሯል።

«አንተ ሰው!» አለኝ፣ «እንግዳ ሲመጣ ተክለህ ነው የምትጠብቀው? እንዲህ ትኩስ ቅሜ አላውቅም፣ ወላሂ!»

ሳህኑ ላይ የቀረው ገራባ ብቻ ነበር።

ምን ይደረጋል፣ እኔም ተቀመጥኩ። ለውዝ መጣ፣ ውሃ መጣ። ምርቃናው ሲገባ የሥዕል ነገር ተነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀጎል ውስጥ የሥዕል ትምህርት ቤት ከፈትን። አሥር ሰዓት ላይ ሥዕሎቹን ለጅቡቲ መላክ ጀመርን፤ ማመላለሻ አላጣንም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐረርጌን በሙሉ መልሰን በደን ሸፍነን፣ በየትኛው ዛፍ እንደምንጀምር ልንጣላ ደርሰናል። ከዚያ መሸ፤ ሁሉም ዝም አለ፤ አንድ በአንድ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ። ያ ሥዕል አሁንም አለኝ። ግራ ጎኑ ጫካ ነው፤ ቀኝ ጎኑ ባዶ። አንድ የግብርና ባለሙያ አይቶት «ይሄ የአገራችን ታሪክ ነው» ብሎኛል። አይደለም፤ የእሑድ በርጫ ነው።

ገራባውን ግን አልጣልኩትም። ሠዓሊዎች የሚሥሉበትን ከሰል ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል ሲሉ ሰምቼ ነበር፦ ቀንበጦቹን ቆራርጦ ጣሳ ውስጥ ማጨቅ፣ ክዳኑን ገጥሞ በሚስማር አንዲት ቀዳዳ መብሳት፣ ምድጃ ላይ መጣድ። ከቀዳዳዋ ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ሲያቆም ደርሷል። አየር ስለማያገኝ አይነድም፣ ይጠቁራል። በረድ ሳይል መክፈት ግን ክልክል ነው። ይህችን የመጨረሻዋን አላነበብኳትም።

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር። በዚያ ሰሞን የጀጎል ግቢዎች ይታደሳሉ። የእኛም ግንብ ከሁለት ቀን በፊት ኖራ ተቀብቶ ዓይን ያጥበረብራል። የዱቄት ወተት ጣሳዬን በገራባ ሞልቼ ከሰል ምድጃ ላይ ጣድኩ። ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ ጎረቤት አሳለ፤ አንዱ ከጣራ ላይ «እሳት ነው?» ሲል «ሥዕል ነው!» ብዬ መለስኩ። ጭሱ ቆመ። ጓጓሁ። በጨርቅ ይዤ ክዳኑን ከፈትኩት። አየር ሲያገኝ ቦግ ብሎ ነደደ፤ እኔም ወረወርኩት። ጣሳው ዘሎ ከግንቡ ተላተመና በቁመቱ ሙሉ ጥቁር መስመር እያሰመረ፣ ከሰሉን እየበተነ ወረደ። ወድቄ ላለመቅረት ግንቡን ተደገፍኩ፤ በአሥር ጣቴ።

ሴትዮዋ ወጡ። ግንቡን አዩ፣ እኔን አዩ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ወደ ውስጥ ገብተው የኖራ ባልዲና ብሩሽ ይዘው ተመለሱና እግሬ ሥር አስቀመጡት።

«ይኸው። ሣል።»

ሁለት ቀን ሣልኩ። ኖራ ጣት ይበላል። ግን አንድ ነገር ሆነ። አንድ እጅ ኖራ ቀብቼ ሲደርቅ፣ ጥቀርሻው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ከነጩ ሥር ግራጫ ሆኖ ቆሟል። ሁለተኛ እጅ የቀባሁበት ቦታ ደግሞ ከዚያም ደብዝዟል። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ሳየው፣ ጣቴ ያሰመራቸው መስመሮች የጧት ጉም ውስጥ እንደ ቆሙ ግንዶች ናቸው፦ ቅርቦቹ ጠቆር፣ ራቅ ያሉት ፈዘዝ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት አሉም የሉም። ያ ጎፈሬያም አሜሪካዊ በየክፍሉ «ሩቁን አደብዝዙት» እያለ ሲለፈልፍ የነበረው ይሄንን ነው! ባልዲዬን ይዤ ቀረሁ።

«ሦስተኛ እጅ አልቀባህም» አሉኝ ከኋላዬ።

«ትንሽ ልየው...»

«ረመዳን ደርሷል፣ ቀባ!»

ቀባሁ። ከሰሉ ውስጥ ግን ስድስት ደህና ፍሬ ለቅሜያለሁ።

የውሃ ቀለሙን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ ያሳፍራል። ሐረር ላይ የውሃ ቀለም ማለት ራሱ ቀልድ ነው። የሐረርን ጥም ይቆርጥ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ከተማው ከድሬዳዋ አቅጣጫ በቧንቧ ውሃ መሳብ ግድ ሆኖበታል፤ እኛ ሰፈር ዛሬም ውሃ በወረፋ ነው። ጀሪካን ሙሉ ውሃ ለብሩሽ ማጠቢያ ላፍስስ ብዬ ከአከራዬ ጋር መነጋገር አልችልም። በአንዲት ስኒ ውሃ ሦስት ቀን ሣልኩ። በመጀመሪያው ቀን አረንጓዴው አረንጓዴ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ነገር፣ ሰማዩ ጭምር፣ የሹሮ መልክ ያዘ።

በዚህ ግን የመጀመሪያው አይደለሁም፤ አለቃ አለኝ። ፈረንሳዊው አርቱር ሪምቦ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር የገባው ቡናና ቆዳ ሊነግድ ነው። በኋላ ካሜራ ከሊዮን ድረስ አስመጣና እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን ፎቶ አነሣ፤ አንዱ ላይ ቡና ተክል ውስጥ ቆሟል፣ ሌላው ላይ ሙዝ ተክል ውስጥ እጁን አጣምሯል። ለቤተሰቡ ሲልክላቸው ሥዕሎቹ የነጡት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ ምክንያት መሆኑን ጽፎላቸዋል። በስሙ በሚጠራው የጀጎል ሙዚየም ጣሪያው በሥዕል ያጌጠውን፣ መስኮቱ ባለ ቀለም መስታወት የሆነውን ያን የጥንት የእንጨት ቤት ሳይ የማስበው ስለ ግጥሙ አይደለም። ያ ሁሉ ቅጠል ውስጥ ቆሞ ነጥቶ የቀረው ሰውዬ ነው የሚያሳዝነኝ። የእሱ ነጣ፣ የእኔ ሹሮ ሆነ፤ ውሃው ያው የሐረር ውሃ ነው።

ባልደረባዬ ሹሮውን አየና «አብስትራክት ነው፣ ፈርምበት!» አለኝ። ሐረር ላይ እንዲህ ብሎ መቀለድ አይገባም፤ ምክንያቱም ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1924 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ ሐረር ነው። አባቱ ካህንና የብራና ጸሐፊ ነበሩ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ግብርና ጀመረ፣ ተወው፤ ኋላ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል አጥንቶ ተመለሰና አገሩን ከአብስትራክት ጋር አስተዋወቀ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና ሊማር ነበር። እነሱ ማዕድንና ግብርና ትተው ሥዕል ያዙ። እኔ ሥዕሉ እንቢ ሲለኝ የምመለስበት ሒሳብ አለኝ፤ ልዩነታችን ይህች ብቻ ናት ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

እንዲህ ሆኜ ነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሰሌን በመሃረብ ጠቅልዬ፣ ወረቀቴን በካርቶን ላይ በመቆንጠጫ ይዤ ከሰንጋ በር ወጥቼ ሐኪም ጋራ የወጣሁት። ከላይ ሲያዩት ጀጎል በግንቧ ታቅፋ ቁጭ ብላለች፤ በወዲያ በኩል ወደ ኤረር የሚወርደው ኮረብታ ከኮረብታ ጀርባ እየፈዘዘ፣ ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል። ከማሳ ዳር ያሉ ዛፎች ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላኝም፣ ጥላ መጣብኝ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ መቆፈሪያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«መሬት ልትለካ ነው?»

«አይ፣ አባባ።»

«ካርታ ነው?»

«ሥዕል ነው። ዛፍ እየሣልኩ ነው።»

አላመኑም። ሰው ወረቀት ይዞ ማሳ ዳር ከተቀመጠ ወይ ይለካል ወይ ይወስዳል፤ ሥዕል የሚባል ሦስተኛ ምክንያት ሰምተው አያውቁም። «አሳየኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አዩ፣ ዛፎቹን አዩ፣ መልሰው ወረቀቱን። በጣታቸው አንዷን ዛፌን ነኩ።

«ይሄ ምን ዛፍ ነው?»

«ዝም ብሎ ዛፍ ነው።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ ነገር ግን እንደ ዳኛ ረጋ ብለው፣

«ዝም ብሎ ዛፍ እኔ አላውቅም» አሉ።

ከዚያ በመቆፈሪያቸው እጀታ እየጠቆሙ ቆጠሩልኝ። ያ ኤጀርሳ ነው፤ ወይራ። ግንዱ ጠማማ ነው፣ ቅጠሉ በነፋስ ሲገለበጥ ብር ይመስላል። ያ ወዴሳ፤ ዋንዛ፣ ቅጠሉ እንደ ጆሮ ሰፊ። ያ ከላይ ብቻውን የቆመው በርገሞ ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ እሱ ላይ ፊታቸውን ጨምደድ አደረጉ፤ ውሃ ይጠጣል። እኔ እስከዚያች ሰዓት ሦስቱንም አንድ ዓይነት ሹካ አድርጌያቸዋለሁ። ዓይኔ ሥር ቆመው፣ እኔ የምሥለው ግን ያንን የፖስተር ዛፍ ነበር። ኤጀርሳ ጎሮን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱባትን፣ ስንት ጊዜ ስሟን ጠርቼ ኤጀርሳ ወይራ መሆኑን አላስተዋልኩም። አዲስ አበባም ስሄድ ላፍቶ እወርዳለሁ፣ ሾላ ገበያ እገዛለሁ፤ ላፍቶ ግራር መሆኑን የነገሩኝ እኚሁ ሽማግሌ ናቸው። ዛፉ ሄዶ ስሙ ታክሲ ላይ ይጮሃል።

ሲሄዱ «ከለካህ ግን ንገረኝ» አሉኝ።

ማታ ተኝቼ የልጅነቴ ደብር ትዝ አለኝ። ደቡብ ጎንደር ነው፤ ዙሪያው እርሻ፣ ግጦሽ፣ ራቁቱን የቀረ መሬት፣ መኻሉ ላይ ቤተ ክርስቲያኗን የከበበ ክብ ደን። የዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የዚያው አካባቢ ልጅ እነዚያን ደኖች አጥንተው፣ ከብት እንዳይገባባቸው ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ ለማጠር ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ሠርተዋል። እኛ አገር ግንብ የሚከበው ዛፍን ነው፤ እዚህ አሚር ኑር በጀጎል ግንብ የከበቡት ቤትን ነው። በእኛ ደብር ስሙ የማይታወቅ ዛፍ አልነበረም። በር ላይ ያለው ዝግባ ሽማግሌ ለእርቅ የሚቀመጥበት ነው። ከኋላው ያለው ጥድ መብረቅ የመታው። ወይራው ለጥና የሚቆረጠው፣ ቆርጠን ስንያዝ የተገረፍንበት። ዋንዛው ፍሬው አፍ የሚያጣብቀው። እና ከሁሉ በላይ ጨለማው። በቀትር፣ ፀሐይ ድንጋይ ስትሰነጥቅ፣ የካቡን በር አልፎ አንድ እርምጃ ሲገቡ ዓይን ይጠፋል። መጀመሪያ የሚታየው ዛፍ አይደለም፤ ጥቁር ነው። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ከጥቁሩ ውስጥ አንድ ግንድ ጎኑ ይበራል።

ተነሣሁ። አንድ ትልቅ ወረቀት ወለል ላይ ዘረጋሁና ከሰሉን አጋድሜ ከዳር እስከ ዳር አጠቆርኩት፤ አንዲት ነጭ አላስቀረሁም። ከራት የተረፈ ዳቦ ነበረኝ። ልቡን አውጥቼ እንደ ሊጥ በጣቴ አድቦለቦልኩና ብርሃን ያለበትን ቦታ ማንሣት ጀመርኩ። ዳቦ ከሰልን ከላጲስ ይበልጥ ያነሣል፤ ወረቀቱን አይልጥም። አንድ ጊዜ ጫን፣ ጎኑ የበራ ዝግባ። ለስለስ አድርጎ መሳብ፣ ጉም ውስጥ ያለ ጥድ። ቅጠል አልሣልኩም፤ ማን ይቆጥረዋል? የወይራውን ጠማማ ወገብ ሳነሣ እጄ ያውቀው ነበር። አዛን ሲል ዳቦው አልቆ፣ እኔም እስከ ክርኔ ጠቁሬ ነበር። ግንብ ሳልነካ ታጠብኩ።

አፍሪካ ላይ ሰቀልኩት። አከራዬ መጥተው አዩት። ረጅም ጊዜ ቆሙና «ያ ጠማማው ወይራ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ማታ ግን የሚጠጣ ሆጃ ላኩልኝ።

የልጅ ልጃቸው ነው የቀረው። አልጋዬ ላይ በጫማው ቆሞ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ደረሰ።

«አንተ፣ ጅቡ የት አለ?»

«ጅብ የለውም።»

«ጫካ አይደለም?»

«ነው።»

«ማታ አይደለም?»

«ቀን ነው። ደን ውስጥ ስለሆነ ነው የጨለመው።»

አሾፈብኝ። ይህ ልጅ ማታ ማታ ወራባ፣ ጅቡ፣ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ በራቸው ሥር ሲያልፍ ኮቴውን እየሰማ የሚተኛ፣ ፈላና በር ላይ ሰው በእንጨት ሥጋ ሰክቶ ሲያጎርሰው ቆሞ የሚያይ ልጅ ነው። በጥቁር ነገር ውስጥ ጅብ የለም ቢሉት ማን ይሰማል? የቀረችኝን አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ ፈለግሁና፣ በዝግባውና በወይራው መካከል፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጌ ሁለት ነጥብ አነሣሁ። ሁለት ዓይን፤ ሌላ ምንም። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከአልጋው ሊወድቅ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሥዕሌ ተነክቷል። ከሁለቱ ዓይኖች ፊት ለፊት፣ መሬቱ ላይ፣ አንድ ሰው በቀይ እስክሪፕቶ ደህና አድርጎ አንድ ሙዳ ሥጋ አስቀምጧል።